የእድራችን ዕቃ ቤት የምግብ ባንክ መሆን ይችላል? (ቦሌ አራብሳ)

የብሎኩ_ጸሐፊ

ሰላም ቤቶች። ቦሌ አራብሳ ያለው የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። እድሩ አንድ ዕቃ ቤት አለው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጎላ ድስትና የተደራረበ ሳህን ሞልቶታል። ለቅሶ ከሌለ ወር ሙሉ ቁልፉን የሚጠይቀኝ ሰው የለም።

ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ምሳ የሚዘልለው ሰው እየበዛ ነው። ጎዳና ላይ ስለወደቀ ሰው አይደለም የማወራው። ከመሃል ከተማ በልማት ተነስተው የመጡ አሉ፤ ቤቱ ደረሳቸው፣ እንጀራቸው ግን እዚያው ቀረ። ካዛንቺስ በር ላይ ሽንኩርት ዘርግታ ቤት ታስተዳድር የነበረች ሴት እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ለማን ትሽጥ? ልብስ አጣቢዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚያድረው ጥበቃ... ብቻ ብዙ ነው።

በስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «ለምን የምግብ ባንክ አናቋቁምም?» አለ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አጨበጨበ፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፍኩት። ሊቀመንበሩ ታዲያ «አጥንተሽ አምጪ» ብለውኛል። የምታውቁ ንገሩኝ፦ እንዴት ነው የሚሠራው? ምግቡ ከማን ይመጣል? ለማን ይሰጣል? በዓል በመጣ ቁጥር ዘይትና ዱቄት ከምናዋጣው በምን ይለያል?

ቀልደኛው_22

ባንክ ከሆነ ብድር አለው? አሥር እንጀራ ወስጄ አሥራ አንድ ልመልስ።

የብሎኩ_ጸሐፊ

አንተን ዋስ ጥራ እንልሃለን።

በረሃ_ላይ_ያለሁ

እህቴ፣ እኔ የምኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው። የዓለም የመጀመሪያው የምግብ ባንክ እዚህ ከተማ ነው በፈረንጆቹ 1967 የተከፈተው። ቅድስት ማርያም የምግብ ባንክ ይባላል። የጀመረው ጆን ቫን ሄንገል የሚባል ከንግድ ሥራው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለነዳያን ማዕድ ቤት ምግብ ይሰበስብ ነበር። አንዲት ልጆች የምታሳድግ እናት ሱፐርማርኬት ጓሮ ከሚጣለው ደህና ደህናውን እየለየች ልጆቿን እንደምትመግብ ነገረችው፤ ገንዘብ የሚቀመጥበት ባንክ ካለ ለምግብም ይኑር የሚለው ሐሳብ ከእሷ መጣ ይባላል።

ትርፍ ጊዜ ሳገኝ እንዲህ ያለ መጋዘን እየሄድኩ ዕቃ እለያለሁ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ። የክልል የምግብ ባንክ ዋና ሥራው የራበውን ሰው በር ላይ አሰልፎ ማብላት አይደለም፤ እንደ ጅምላ አከፋፋይ ቁጠሪው። ከፋብሪካ፣ ከሱፐርማርኬት፣ ከገበሬ የተረፈውን በከባድ መኪና ይቀበላል፣ ይመዝናል፣ የተበላሸውን ይለያል፣ መቀዝቀዝ ያለበትን ያቀዘቅዛል። ከዚያ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለሰፈር ማኅበራት ያድላል። ለቤተሰቡ የሚያደርሱት ሰፈራቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንዱ ጋ ማካሮኒ ተርፎ ሌላው ጋ የሕፃን ወተት ሲጠፋ የሚያቻችል መሃል ላይ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ የባንኩ ጥቅም ይሄ ነው። ሌላም ነገር አላቸው፦ ትምህርት ቤት ምሳ የሚበሉ ልጆች ቅዳሜና እሑድ ባዶ ሆዳቸውን እንዳይቀሩ ዓርብ ዓርብ ቦርሳቸው ውስጥ ምግብ ይጨምሩላቸዋል።

ሰጪው እንዳይፈራም ሕግ አለ። በፈረንጆቹ 1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው፤ በቅን ልቦና ምግብ የለገሰ ሰው ከባድ ቸልተኝነት ካልፈጸመ በቀር ተጠያቂ አይሆንም። ፈረንሳዮች ደግሞ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 ጠበቅ አድርገውታል፦ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱፐርማርኬት የሚበላ ምግብ እንዳያበላሽ፣ ከተራድኦ ማኅበር ጋር ውል እንዲገባ አዘዋል።

ስለዚህ የእናንተ እድር የመጨረሻውን እጅ ነው መሆን የሚችለው። ችግሩ እዚያ ከኋላ የሚደግፍ ትልቅ መጋዘን አላችሁ ወይ ነው።

አዲስ የመጣሁ ሰሞን እኔም ሳጥን ተቀብያለሁ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው። ግን ስሜንና የቤተሰቤን ብዛት ጠይቀው ሰጡኝ፣ አለቀ።

አልሸወድም

ቆንጆ ተረት ነው፤ ለፊኒክስ። እዚህ ግን እንነጋገር ከተባለ፣ ሰኔ 2015 የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቋረጡት ለምን ነበር? ስንዴው ከተረጂው እጅ ይልቅ ገበያ ላይ ስለተገኘ። እስኪመለስ ወራት ፈጀ። ሰራቂው ምን ሆነ? አላውቅም። ተረጂው ግን ጾሙን አደረ። ዛሬ ደግሞ የአሜሪካው ድርጅት ራሱ ፈርሷል። በሰው ትራፊ ላይ የተሠራ ነገር ሰጪው በተነሳ ቀን አብሮ ይነሳል።

እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ዘይት ባስቀመጠ በሳምንቱ ቁልፉ የማን ኪስ እንደሚገባ ልንገራችሁ? ለሰው ሥራ ስጡት እንጂ ልመናን ማኅተም አታስመቱለት።

ነርሷ_ከለሚ_ኩራ

ወንድሜ አልሸወድም፣ ሥራ ስጡት ያልከው እውነት ነው። ነገር ግን ሥራ እስኪገኝ ያለው ጊዜ ሆድ የለውም ያለው ማነው? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ረሃብ እኛ ጋ ሲመጣ «ራበኝ» ብሎ አይመጣም። ማዞር፣ ጨጓራ፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ነው የሚመጣው። የስኳር ታማሚው መርፌውን ተወግቶ የሚበላው ሲያጣ ተዝለፍልፎ ያመጡታል። የቲቢ ታማሚው ክኒኑን በባዶ ሆዱ ውጦ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ያቋርጣል። እናቶች ደግሞ ለልጅ ይሰጡና ራሳቸው ሻይ በዳቦ ያድራሉ፤ ጡት የምታጠባ ሴት በሻይ!

ለጸሐፊዋ የምመክራት፦ የበሰለ ምግብ ባትጀምሩ። ከሆቴል የሚወጣው ቡሌ የስንቱን ነፍስ እንዳቆየ አውቃለሁ፤ አልንቀውም። ግን የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ መቆየት የለበትም። ከቦሌ ሆቴሎች ተነስቶ አራብሳ እስኪደርስ ያለውን የመንገድ መጨናነቅ እናንተው ታውቁታላችሁ። ደረቁን ያዙ፦ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ አዮዲን ያለው ጨው። ምስርና ሽሮውን አትቀንሱ። ሰው ሲረዳ ስንዴና ማካሮኒ ብቻ ይሰጣል፣ ሆድ ይሞላል፣ ልጁ ግን አያድግም።

አንድ ነገር አደራ፦ ፕላምፒ ነት ማንም ቢያመጣላችሁ እንዳታከፋፍሉ። እዚሁ ጎረቤታችን ለገጣፎ የሚመረት ስለሆነ እንደ ብስኩት የሚያየው ሰው አለ። በጣም ለተጎዳ ሕፃን ክንዱ ተለክቶ፣ ተመዝኖ በጤና ባለሙያ የሚታዘዝ ሕክምና ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ስም_አልጠቅስም

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ልጻፍ።

አራብሳ ተከራይ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ ዘይትና ዱቄት ይሰጣል ተብሎ ሄድኩ። የማን እንደሆነ አልናገርም። መጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያ አሉ። መታወቂያዬ የድሮው ወረዳ ነው፣ መሸኛ ለማውጣት ደግሞ አከራዬ ቤቱን አከራይቻለሁ ብሎ መፈረም አለበት፤ አይፈርምም፣ ግብር ይፈራል። በስንት ልመና «እሺ ቁሚ» አሉኝ። ከዚያ ዘይቱን ከመስጠታቸው በፊት ደርድረው ፎቶ አነሱን። አንዱ «ዘይቱን ከፍ አድርጊው» አለኝ። ከፍ አደረግኩት። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ፎቶውን ክፍሏ ውስጥ ያለ ልጅ ስልክ ላይ አየችው።

ዘይቱ ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም። ግን ከዚያ ወዲህ ይሰጣል ሲባል አልሄድኩም። የከተማ ሴፍቲኔቱም ቢሆን በወረዳው ለተመዘገበ ነው። ተከራይ ዝርዝር ላይ የለም። እዚህ የምታወሩት ባንክ በእድር አባልነት ከሆነ የሚሰጠው፣ ተከራይ የእድር መዋጮ የለውም፤ እንግዲህ አስቡት።

የብሎኩ_ጸሐፊ

እህቴ፣ ያንቺን መልእክት ለሊቀመንበሩ አነበብኩላቸው። «ይሄን ጻፊው» አሉኝ፣ ጽፌዋለሁ። ከእድራችን ከፋይ አባላት ውስጥ ተከራይ በጣት የሚቆጠር ነው፤ አሁን ነው ልብ ያልኩት።

ቲማቲም_ተራ

ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ ነው የምሠራው። ፒያሳ አትክልት ተራ ሳለን ጀምሮ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ፤ በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ከጃንሜዳ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ስንዞር ከነሳጥኔ ዞሬያለሁ።

ትርፍ አለ ወይ? ሞልቷል። ከመቂና ከባቱ የተነሳ አይሱዙ ሌሊት ይገባል። ታች ያለው ሳጥን በላይኛው ተጭኖ ይመታል። የተመታ ቲማቲም ለምግብ ቤት ወጥ ምንም አይለውም፣ ጠዋት ለደንበኛ ግን አይሸጥም። ረፋድ ላይ ዋጋው ይወድቃል፣ ከሰዓት ማንም ዞሮ አያየውም፣ ማታ ይደፋል። ጥቅል ጎመንም እንዲሁ ነው፤ የውጩን ቅጠል ስትልጠው ውስጡ ጤነኛ ነው።

ታዲያ ለምን አትሰጡም ትሉኛላችሁ። አንደኛ፣ የሚወስድ ሰው በሰዓቱ አይመጣም። «እንመጣለን» ይላሉ፣ እኔ አስቀምጣለሁ፣ ሳይመጡ ይቀራሉ፣ ቦታዬን ይዞ ይበሰብሳል፣ ለማስደፊያ የምከፍለው እኔ። ሁለተኛ፣ ሃይሌ ጋርመንት የት፣ አራብሳ የት! ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። የነዳጁ ዋጋ ከቲማቲሙ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ሳጥኔን አይመልሱልኝም። ሳጥን ገንዘብ ነው ጎበዝ!

እና ደግሞ ጊዜ አለው። በጾም አትክልት ተፈላጊ ነው፣ ትርፍ አትጠብቁ። ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ግን ኑ።

የሱሉልታ_ወተት

በወተት በኩል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሱሉልታ ከገበሬው ወተት ሰብስበን ለማቀነባበሪያ እናስረክባለን። ዓቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ገዢው ይቀንሳል፣ ላሟ ግን አትጾምም። ፋብሪካው ኮታ ይቆርጣል፣ ገበሬው ቅቤ ይንጣል፣ ከዚያ የተረፈው ለጥጃ ወይም ለመሬት ነው። በዚያው ወር ለጋ ወተት የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አሉ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አሉ። የሚያገናኘን የለም።

ወተት ግን ቀልድ አያውቅም። ተፈልቶ ወይም ፓስቸራይዝድ ሆኖ፣ ከአራት ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ካልተያዘ በስተቀር እንዳትነኩት። እድሩ ፍሪጅ ከሌለው ወተት ይቅርባችሁ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ፍሪጁም ቁም ሳጥን ነው።

ቀልደኛው_22

ላሟ አትጾምም። ይቺን ወሰድኳት።

ጡረተኛው_ንብረት_ክፍል

ለተከበራችሁ ወጣቶች። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው የጨረስኩት። አሁን አያት አካባቢ ነው የምኖረው። ስለ ቅድስናና ስለ ርኅራኄ ሌሎች ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ወረቀት ልናገር።

አልሸወድም ያልከው ልጄ፣ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው። ሰው ሌባ ስለሆነ ብቻ አይደለም ዕቃ የሚጠፋው። የገባው ሳይመዘገብ ሲወጣ፣ ታማኙም ሰው ከሌባው ሳይለይ ይቀራል። ስለዚህ፦ ዕቃ ሲገባ እንደ ሞዴል 19 ያለ የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ሰጪው አንዱን ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ሲወጣ እንደ ሞዴል 22 ያለ የወጪ ደረሰኝ። እያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠል ቢን ካርድ ይኑረው፤ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። ቁልፍ የያዘና መዝገብ የያዘ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሰው። በየወሩ ከሁለቱ ውጭ የሆነ ሦስተኛ ሰው ይቁጠር፤ የቆጠራው ውጤት የለቅሶ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። እድር ያለው ሀብት ይሄ ነው፦ ሁሉም ሰው ቆሞ የሚያነብበው ሰሌዳ አለው።

ሚዛን ሳትገዙ አትጀምሩ። «ሦስት ፌስታል ምስር» የሚባል መዝገብ የለም።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ከረጢት መሬት ላይና ግድግዳ አስጠግታችሁ አታስቀምጡ። ከእንጨት ረብራብ ላይ ይሁን፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ይራቅ፤ አይጥ በየት እንዳለፈች የምታዩት እንዲህ ሲሆን ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። እህሉ እርጥበቱ ከ13 ከመቶ ካለፈ ይሻግታል፤ የሻገተ በቆሎና ለውዝ ታጥቦ፣ ተቆልቶ የሚድን አይምሰላችሁ፣ መርዙ አይለቅም። መለኪያ መሣሪያ የላችሁም፣ ስለዚህ ክረምት ላይ የገባ እህል አታከማቹ፣ በሳምንቱ አውጡት። የድንኳኑ ሸራ ከእህሉ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ርጥቡን አጥፋችሁ እንደምታስገቡት አውቃለሁ።

አልሸወድም

ጋሼ፣ እርስዎ ቁልፉን የሚይዙ ከሆነ ተሸንፌያለሁ። ግን እርስዎ የሉም እኮ፣ ያለው የብሎኩ ኮሚቴ ነው።

ጡረተኛው_ንብረት_ክፍል

ልጄ፣ ቁልፍ መያዝ አልፈልግም። መቁጠር ግን እችላለሁ። ከአያት አራብሳ ሩቅ አይደለም።

ኡሙ_ቤት

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ፦ ሥጋ ውስጥ አትግቡ። እናንተ የእኛን አትበሉም፣ እኛም የእናንተን አንበላም፣ መጋዘኑ ውስጥ ሥጋ በገባ ቀን ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። የሥጋ ሾርባ ኩብ ሳይቀር። ደረቁ እህል የሁላችንም ነው።

ረመዳን ላይ ደግሞ በእኛ መስጊድ ማፍጠሪያ የሚያመጣ ሰው ብዙ ነው፣ ቴምርም ሳምቡሳም ይተርፋል። ረመዳን ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ግን ማንም ትዝ አይለውም። ክርስቲያኑም ጋ እንደዚያው አይደለም? ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዘይት ይጎርፋል፣ ግንቦት ላይ ማን ያስታውሳል?

ነርሷ_ከለሚ_ኩራ

ኡሙ፣ ግንቦት ብቻ? ሐምሌና ነሐሴን ጨምሪበት። ከ2012 ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ ብዙ ቤት ያዳነ ነገር ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ግን በቀን ሁለት ማዕድ እናትየው ላይ ተመልሶ ይወድቃል። ዝናብ ስለሆነ የቀን ሥራውም በዚያው ይቀዘቅዛል። ክሊኒካችን ውስጥ የልጆች ክብደት የሚወርደው መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ለእኔ የእናንተ ዕቃ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሰብስቦ ክረምት ላይ ቢከፈት ብቻ እንኳን ይበቃዋል። ተስፋ ብርሃን የሚባሉት የከተማው የምገባ ማዕከላት በቀን አንዴ ያበላሉ፣ መድረስ ለሚችል ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሕፃን ያዘለች፣ ትራንስፖርት የሌላት፣ ወይም አልጋ ላይ ያለ ሰው ግን እንዴት ይድረስ?

እንጀራ_ጋጋሪ_ነኝ

ስለ እንጀራ ማንም አላወራም እኮ! ለሱቅ አስረክባለሁ፤ ሳይሸጥ የተመለሰው በማግስቱ ግማሽ ዋጋ፣ በሦስተኛው ቀን የከብት። ያልሻገተውን በሁለተኛው ቀን ቆራርጬ ፀሐይ ላይ ባደርቀው ድርቆሽ ነው፣ ወር ይቀመጣል። በርበሬና ዘይት ያለው ሰው ፍርፍር ያደርገዋል። ከእኔ ብቻ አይደለም፣ አራብሳ ውስጥ እንጀራ ጋግረን የምናስረክብ ብዙ ነን። የጎደለን ማድረቂያ ቦታ ነው፤ የእድሩ ሕንፃ ሰገነት ላይ ቢፈቀድልን ሸራ አንጥፈን እናደርቃለን። ነጠብጣብ ያየሁበትን ግን አልሰጥም፣ ለማንም።

ደግሞ ተከራይዋ እህቴ ያለችውን አልረሳሁም። ፎቶ የሚነሳ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

በረሃ_ላይ_ያለሁ

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ይሄ በጣም ግሩም ሐሳብ ነው።

ስለ ዝርዝሩ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ብዙ ቦታ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ሰው ራሱ «ያስፈልገኛል» ካለ ይታመናል። የሚዋሽ አለ? አለ። ነገር ግን ዋሾውን ለመያዝ የምታወጣው ጉልበትና ወረቀት ዋሾው ከሚወስደው ዱቄት ይበልጣል፤ ዋሾውን ስታጣሪ ደግሞ ዓይን አፋሩን ታባሪያለሽ።

አልሸወድም

ወዳጄ፣ እዚያ ዱቄቱ የሚያልቅ አይደለም። እዚህ ሃያ ከረጢት ይዘህ «የፈለገ ይምጣ» በል እስቲ። ከለገጣፎ ሳይቀር ይመጣሉ።

ጡረተኛው_ንብረት_ክፍል

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ትንሽ ሲሆን ዝርዝር ያስፈልጋል። ጥያቄው ዝርዝሩን ማን ይጽፋል ነው። ኮሚቴ ከጻፈው ዘመድ ይበዛበታል። ወረዳ ከጻፈው ተከራይ ይወድቃል። እኔ ብሆን ለሚያዩት ሰዎች ነበር የምሰጠው፦ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለትምህርት ቤቱ መምህር፣ ለቄሱና ለኢማሙ፣ ለባለሱቁ። ባለሱቁን አትርሱ! ማን በዱቤ ስኳር በስኒ እንደሚገዛ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እያንዳንዳቸው ስም ሳይሆን ቁጥር የተጻፈበት ኩፖን ለሚያውቁት ቤት ይስጡ። ኩፖኑን ይዞ የመጣ ይወስዳል፣ ስም አይጠራም። መዝገቡ ላይ የኩፖኑ ቁጥርና ኪሎው ይሰፍራል፤ ለቆጠራ ይበቃኛል።

ስም_አልጠቅስም

ጋሼ፣ ባለሱቁ ለእኔ ኩፖን ቢሰጠኝ እቀበለዋለሁ። ዱቤ መዝገቡ ላይ አለሁ፤ ያውቀኛል።

ሕግ_ነክ

አጭር ማስታወሻ። እድር በእድርነቱ ለአባላቱ ቢያዋጣና ቢያካፍል የተለመደ ነው። ከፋብሪካና ከውጭ ለጋሽ በስፋት መቀበል ካሰባችሁ ግን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መመዝገብ ወይም ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ውል መግባት ይሻላል። ሁለተኛው ይቀላል። ምግብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ነው፤ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን የታሸገ ምግብ «ምንም አይለውም» ብላችሁ አትቀበሉ። የፊኒክሱ ወንድማችን የጠቀሰው ዓይነት ከለላ አለን ብላችሁ አትመኩ። ነጋዴ ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን የቀረውን ካርቶን በመኪና አምጥቶ ደረሰኝ ሲጠይቃችሁ፣ የእናንተን ዕቃ ቤት ቆሻሻ መጣያ እያደረገው እንደሆነ እወቁ። አልፈልግም ማለትን ተለማመዱ።

ቲማቲም_ተራ

ሕግ ነኩ እኛን ነካን። ግን እውነቱን ነው፣ የሚያደርግ አለ።

ስሙ፣ ሳስበው ቆየሁ። ባዶውን ወደ ካራ አሎ የሚመለስ የማውቀው አይሱዙ አለ፤ ለሌላ ጭነት ሃይሌ ጋርመንት ይመጣል። በአራብሳ በኩል ዞር ቢል የነዳጅ ልዩነቷን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሾፌሩን አናግሬዋለሁ። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር የተመታውን እሰበስባለሁ፣ በራሳችሁ ሳጥን። የራሳችሁን ሳጥን አምጡ። ቲማቲሙ ግን በደረሰበት ቀን ካልታደለ ማግስቱን አይጠብቅም፣ ወይ ቀቅላችሁ ድልህ አድርጉት።

የብሎኩ_ጸሐፊ

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሊቀመንበሩ ጋ ይዤ የምገባው ይሄ ነው። የበሰለ፣ ሥጋና ወተት የለም። ደረቅ እህል፣ ዘይት፣ ድርቆሽ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ አትክልት። ዓመቱን እንሰበስባለን፣ ሰፋ አድርገን የምንከፍተው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም። ዕደላው በኩፖን፣ ተከራይ ባለቤት ሳይባል፣ እድር ከፈለ አልከፈለ ሳይባል። ካሜራ የለም፤ ይሄን በቃለ ጉባኤ አስጽፋለሁ። ድንኳኑ ወደ ደረጃው ሥር ይዛወራል (በዚህ ላይ ጠብ ይኖራል፣ ከአሁኑ ታይቶኛል)።

አልሸወድም፣ ሁለተኛውን ቁልፍ አንተ ብትይዘውስ? አራብሳ እንደምትኖር ከዚህ በፊት ጽፈሃል።

አልሸወድም

ማን? እኔ?

ቀልደኛው_22

ዋስ እሆነዋለሁ።

አልሸወድም

ሰኞ ቁልፉን አሳዩኝና እናያለን። ቃል አልገባሁም። የተሰበረ ጓጉንቸር ከሆነ አልይዝም፣ አዲስ ግዙ።

የብሎኩ_ጸሐፊ

ጋሼ፣ የገቢና የወጪ ደረሰኙን የት ነው የምናሳትመው? ሞዴል 19 ራሱን መጠቀም እንችላለን?

ጡረተኛው_ንብረት_ክፍል

አይሆንም፣ እሱ የመንግሥት ነው። ማተሚያ ቤት ሄደሽ በእድሩ ስም፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ በሦስት ቅጂ አሳትሚ። ካርቦን አትርሺ። መጀመሪያ ግን ሚዛኑን።